ጅብ ከሄደ በኋላ የሚቆም ጠበቃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ነጋዴ ሲከስር መጀመሪያ የሚያውቀው ባንኩ አይደለም፤ ሚስቱም አይደለችም። መጀመሪያ የሚያውቀው የዕቁቡ ጸሐፊ ነው። ሰውዬው እሑድ እሑድ ራሱ መጥቶ የሚጥለውን ዕቁብ በልጁ መላክ ይጀምራል። ቀጥሎ በልጁም አይልክም። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። "የት ሄደ?" ሲባል "አዲስ አበባ፣ ዕቃ ሊያመጣ" ይባላል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ሰው ሦስት ወር ሲቆይ ግን ከተማው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ይገባዋል፤ ዝም ይላል። እኛ አገር ሞት ይረዳል፣ ሠርግ ይጠራል፤ ኪሳራ ብቻ በሹክሹክታ ነው።

ይኼን የምንጽፈው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። እኛም ቤት ደርሷል። ጋሼ የምንላቸው የሥጋ ዘመዳችን በደብረ ብርሃን የሕንፃ ዕቃ መደብር ነበራቸው፤ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ። ከተማው ሲገነባ እሳቸውም አብረው አደጉ። ፋብሪካ መጣ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ፣ ፎቅ እንደ እንጉዳይ ፈላ። ጋሼ ለኮንትራክተሮች በዱቤ ይሰጣሉ፤ ኮንትራክተሩ ክፍያ ሲወጣለት ይከፍላል። ሰው የለመደው ንግድ ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጣ፤ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ተቀብላ አደረች። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት መንገዱን አንድ ቀን ሲከፍት ሌላ ቀን ሲዘጋ ከረመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የጋሼ የብረት ዋጋ በአንድ ሰሞን ሌላ ሆነ። በአሮጌ ዋጋ በዱቤ የሰጡትን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መተካት አልቻሉም። የባንኩ ወለድ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ጋሼ ጠጪ አልነበሩም፤ ቁማር አያውቁም። የከሰሩት ሲሠሩ ነው።

ጠበቃ ፍለጋ

ጠበቃ የተፈለገው መቼ መሰላችሁ? ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከላከ በኋላ፣ እሱም 19 ቀን በኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ ከተኛ በኋላ ነው። ጋሼ ደብዳቤውን ለማንም አላሳዩም። እትዬ (ባለቤታቸው ናቸው) ያገኙት መድኃኒት ሲፈልጉ ነው። የቤቱ ካርታ በመያዣነት ሲሰጥ እሳቸውም ፈርመዋል፤ ምን እንደፈረሙ ግን ያወቁት ያን ቀን ነው። "አንድ ወረቀት ነው ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ" አሉን።

ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ጠበቃ አፈላላጊ ሆነ። አንዱ "አዲስ አበባ ስመ ጥር አለ" አለ። አንዱ "የአገሩን በሬ ባገሩ ሰርዶ ነው፣ እዚሁ ይፈለግ" አለ። ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን በስልክ "ምን ያስጨንቃችኋል? ባንክራፕሲ ፋይል ማድረግ ነው!" አለችን። እውነቷን ነው፤ አሜሪካ ታክሲ ነጂውም ነርሷም ዕዳ ሲያጎብጣቸው ፍርድ ቤት ሄደው መክሰራቸውን ያስመዘግባሉ። አንዱ መንገድ ንብረት ተሸጦ የቀረው ዕዳ የሚሰረዝበት ነው፤ ሌላው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ዕቅድ እየተከፈለ የሚያልቅበት። እኛ ግን የአክስታችንን ምክር ይዘን የት እንደምንሄድ አላወቅንም።

የሄድነው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው "ጉዳዩን ለእኔ ተዉት፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ" አለን። ሁለተኛው እውነተኛ ጠበቃ ነበር፤ ፈቃድ ያለው፣ ቢሮ ያለው። ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለ፤ ስለ ጋሼ ሒሳብ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። በኋላ ስናጣራ ሥራው ሁሉ የመሬትና የፍቺ ክርክር ነው። በሙያው ጎበዝ እንደሆነ ሰው ይመሰክራል፤ የእኛ ሙያ ግን አልነበረም። የጨጓራ ሕመምተኛ ይዘን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን ማለት ነው።

ሦስተኛው አዛውንት ናቸው። ገና ሳንቀመጥ "ደብተሩን አመጣችሁ?" አሉን። የምን ደብተር? "የንግዱን ነዋ! ማን አለበት፣ ማን አለው፣ ከመቼ ጀምሮ?" ደብተሩን ከሱቁ ፈልገን አመጣንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ሰዓት ያህል አገላበጡት። ከዚያ ቀና ብለው "የዛሬ ስድስት ወር ብትመጡ ኖሮ ይኼ ሰውዬ ይድን ነበር" አሉን። "በዱቤ የሰጠው የእሱ ገንዘብ ካለበት ዕዳ ይበልጣል። የጎደለው ጊዜ ብቻ ነበር።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። እኛ ነን ውሻዎቹ። ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ።

ሕጉ የሚያውቀው፣ እኛ የማናውቀው

ከዚያ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርነው። ጋዜጠኝነት ተምረናል፤ ዲግሪ ይዘናል፤ ስለ ኪሳራ ግን አንዲት ዘገባ ሠርተን አናውቅም። ያነበብነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

ኢትዮጵያ የኪሳራ ሕግ ካወጣች ቆይታለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አምስተኛው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ስለ ኪሳራ ነበር። ያ ክፍል በ2013 በወጣው በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ተተክቷል። አዲሱ ሕግ ሦስት በር አለው። አንደኛው፣ ነጋዴው ገና መክፈል ሳያቅተው፣ ሊያቅተው መሆኑ ሲታየው ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር አስቀድሞ የሚደራደርበት ነው። ሁለተኛው፣ መክፈል ካቃተው በኋላም ቢሆን ንግዱ የሚድን ከሆነ መልሶ የሚደራጅበት ነው። ሦስተኛው ብቻ ነው እኛ "ኪሳራ" የምንለው፤ ንብረቱ ተሸጦ ለገንዘብ ጠያቂዎች በሥርዓት የሚከፋፈልበት። ጋሼ በመጀመሪያው በር መግባት የሚገባቸው ሰው ነበሩ። የሄዱት በአራተኛው በር ነው፤ በሽሽት።

ሕጉ ግን ለሁሉም አይደለም። ይኼን ለዋሽንግተኗ አክስታችን ብናስረዳት አልገባትም። እኛ አገር በሕግ መክሰር የሚችለው ነጋዴና የንግድ ማኅበር ነው። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ አንኮበር ያለው ገብስ አምራች ገበሬ ዕዳ ሊኖርባቸው ይችላል፤ በንግድ ሕጉ ግን "ከሳሪ" አይባሉም። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ስለዚህ ጠበቃ ቢሮ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ "እኔ በሕግ ዓይን ነጋዴ ነኝ ወይ?" የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ "የከሰረው ማን ነው?" የሚል ነው። ጋሼ የንግድ ፈቃዳቸው በግል ስማቸው ነበር። ስለዚህ የሱቁ ዕዳ የቤቱም ዕዳ ነው፤ በመደርደሪያውና በመኝታ ቤቱ መካከል ግድግዳ የለም። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ካፌ፣ የሞባይል ሱቅ፣ ማተሚያ ቤት ልትከፍቱ የምታስቡ እኩዮቻችን ይኼን ሳትጠይቁ ፈቃድ አታውጡ። ባንኩ በግል ዋስትና ካስፈረማችሁ ግን ግድግዳው ቢኖርም በር ተከፈተበት ማለት ነው፤ ይኼንንም እወቁ።

ሦስተኛው ቼክ ነው። ጋሼ ለአንድ ብረት አስመጪ "ለመተማመኛ" ብለው ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ሰጥተው ነበር። ገበያው ውስጥ የተለመደ ነው። ቼኩ ባንክ ሲቀርብ ገንዘብ የለም፤ ደረቅ ቼክ ሆነ። ደረቅ ቼክ ደግሞ የገንዘብ ክርክር ብቻ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ አሥር ዓመት የሚያደርስ ወንጀል ነው። ቤት ሄዶ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ የቼኩ ጉዳይ እስከ ዛሬ አላለቀም። ጋሼም ስልካቸውን በራሳቸው ስም አላወጡም።

አራተኛው ባንኩ ነው። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ በውሉ ላይ ከተስማማችሁ የያዘውን ንብረት ክስ ሳይመሠርት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከፍርድ ቤት መጥሪያ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ያገኘዋል። 30 ቀን ብዙ ይመስላል። ከደብረ ብርሃን ደንገዝጋዛ ጠዋቶች 19ኙን በመሳቢያ ውስጥ ካሳለፋችሁት ግን 11 ቀን ነው።

ታዲያ ማንን እናቁም?

እኛ በልምዳችን ውድ ዋጋ ከፍለን የተማርነውን እንካችሁ።

ፈቃዱን ጠይቁ። ጠበቃ መታወቂያ አለው፤ በፌዴራል ደረጃ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ በክልላችን የክልሉ ፍትሕ ቢሮ የሚሰጠው ፈቃድ አለው። አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊው ማመልከቻ ይጻፍላችሁ፤ ጠበቃ ግን አይደለም።

"ስንት የኪሳራ ጉዳይ ይዘሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት መልሱ "አንድም" ይሆናል። አትደንግጡ፤ በአገር ደረጃም የኪሳራ መዝገብ ጥቂት ነው። በ2005 ዓ.ም. መኪና ገጣጣሚው ሆላንድ ካር ከሰርኩ ሲል ወሬው ያን ያህል የገነነው ለዚህ ነው፤ ብዙዎቻችን አንድ ድርጅት በአደባባይ ከሰርኩ ሲል ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ስለዚህ "አንድም" ብሎ በእውነት የሚመልስ ሰው "ሃምሳ" ከሚል ይሻላል። ቀጥላችሁ ጠይቁት፦ የባንክ ሐራጅ ክርክር ይዘህ ታውቃለህ? የቼክ? የአፈጻጸም? የንግድ ማኅበር ማፍረስ? የ2013ቱን ሕግ አንብበሃል? የሰበር ውሳኔዎችን ትከታተላለህ? የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ያላነበበ ጠበቃ ባለፈው ዓመት ካርታ መንገድ የሚመራ ሾፌር ነው።

ችሎት ገብታችሁ ተቀመጡ። ይኼ የጋዜጠኛ ምክር ነው። የኪሳራ ጉዳይ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የተተወ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ያለው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጠዋት ተቀምጣችሁ ማን ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ፣ ማን "ቀጠሮ ይለወጥልኝ" እያለ እንደሚውል እዩ። ደላላ በአንድ ወር የማይነግራችሁን በሁለት ሰዓት ታያላችሁ።

መጀመሪያ የጠየቃችሁን ልብ በሉ። ደብተሩን ነው ወይስ ቅድሚያውን? ደብተር የሚጠይቅ ጠበቃ በሽታውን እየፈለገ ነው።

"ንብረቱን በወንድምህ ስም አዙረው" የሚላችሁን ሸሹት። ገበያ ውስጥ ይኼ ምክር በነፃ ይታደላል። መክፈል ካቃተ በኋላ ወይም ሊያቅት ሲል የተደረገ ሽሽግ ዝውውር በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ከዚያም አልፎ የማጭበርበር ኪሳራ ተብሎ በወንጀል ያስጠይቃል። ሐቀኛ ከሳሪን ሕጉ ይሰማዋል፤ ሸሻጊውን ያስረዋል። "ዳኛውን አውቀዋለሁ" የሚለውንም እንዲሁ ሸሹት። እኛ ዳኛውን የሚያውቅ አላስፈለገንም፤ ሕጉን የሚያውቅ ነው ያጣነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ይከፈላል፣ በስንት ዙር፣ ይግባኝን ይጨምራል ወይ? ደረሰኝ ተቀበሉ። ውክልና ስትሰጡ ደግሞ ቃል በቃል አንብቡ፤ ለመከራከር የሰጣችሁት ውክልና ውስጥ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል" የሚል ገብቶ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ሰፈራችን ነገር እንምጣ። የአገሩ ጠበቃ ይሻላል ወይስ የአዲስ አበባው? እኛ የአገሩን እንመርጣለን፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የአገሩ ጠበቃ ሐራጁ መቼ እንደሚወጣ ቀድሞ ይሰማል፤ የቤቱ መነሻ ዋጋ ዝቅ ብሎ ከተገመተ ሰፈሩን ስለሚያውቅ ይከራከራል፤ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የመኪናና የአልጋ አያስከፍላችሁም። ከአንኮበር ቁልቁለት ተነስቶ ደብረ ብርሃን ለሚደርስ ሰው ሌላ 130 ኪሎ ሜትር መጨመር ቀልድ አይደለም። ትንሽ ከተማ ግን ትንሽ ናት። ያው ጠበቃ ከገንዘብ ጠያቂያችሁ ጋር ውል ይኖረው ይሆናል፤ ከባንኩ ጋር ይሠራ ይሆናል። በግልጽ ጠይቁት፦ "ከእነዚህ ሰዎች ለአንዳቸው ቆመህ ታውቃለህ?" ስሞቹን ዘርዝሩለት። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ጥፋቱ የማን ነው?

"ጋሼ ራሳቸው ናቸው ጥፋተኛው፤ ደብዳቤውን ለምን ደበቁ?" የሚል አይጠፋም። እኛም ብለናል፤ ተናደንባቸዋል። እትዬ አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው፤ በደጃቸው የተከሉትን ጽድ ሰው ሲቆርጠው አይተዋል። መናደዳችን ይገባል።

ግን እስቲ እናስበው። "ከሰረ" እኛ ጋ ስድብ ነው። የከሰረ ሰው ልጅ ሲያገባ "የእነ እንትና ልጅ" ተብሎ ይታማል። ከንግድ ምክር ቤት ስብሰባ እስከ ዕድር ድንኳን ስለ ትርፍ እንጂ ስለ ኪሳራ ተወርቶ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን የምንተርተው እኛው፣ አንዱን በሽታ ግን እንዲደበቅ አስገድደናል። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ደግሞ ጠበቃ ዘንድ ይዞ አይሄድም። ይዞ ስለማይሄድ ጠበቃው አይለምደውም። ስላልለመደው ሲሄዱበት አያውቀውም። የኪሳራ ጠበቃ የጠፋው እኛ ስለደበቅነው ነው።

ገንዘብ ጠያቂውስ ተጠቀመ? አልተጠቀመም። የዓለም ባንክ አገሮችን በንግድ አመቺነት ያወዳድርበት የነበረው ሪፖርት እስከቆመበት ጊዜ ድረስ እኛ ጋ አንድ የኪሳራ ጉዳይ ወደ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ገንዘብ ጠያቂ ከአንድ ብር 30 ሳንቲም እንኳ አይመለስለትም ብሎ ነበር። ተበዳሪው ሸሽቶ፣ አበዳሪው 70 ሳንቲሙን አጥቶ፣ የሱቁ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይከፈለው የሚያልቅ ነገር ማንን ጠቀመ?

ስለዚህ የምንጠይቀው አለ። ከባንኮች፦ ሰው ሲፈርም የሚፈርመው በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት፤ ሚስትም ባልም ፊት። ከሕግ ትምህርት ቤቶች፦ ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጡ ማእከሎች ለትንሽ ነጋዴም በር ክፈቱ፤ የ2013ቱን ሕግ በአማርኛ፣ በገበያ ቋንቋ አስረዱ። ከጠበቆች፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት ይላል፤ ከ50ው አንዷን ሰዓት በገበያ ቀን ለነጋዴው ስለ ቼክ ብትነግሩት ስንቱ ይተርፍ ነበር። ከእኛ ከወጣቶቹ ደግሞ፦ አባትና አጎቶቻችሁን ጠይቁ። "ንግድ እንዴት ነው?" ብላችሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲሏችሁ አትመለሱ። "ደብተሩን ልየው" በሉ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ በሰንሰለት እጅ ለእጅ ይተሳሰሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ጭካኔ ነው። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ባለዕዳው አይደበቅም፣ ብቻውንም አይሆንም። አላፊ አግዳሚው አይቶ "ዋስ ልሁንህ" የሚል ይገኝ ይሆናል። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ ጋሼ ግን በአንድ በማናውቀው ሰፈር፣ በሌላ ሰው ስም በወጣ ስልክ፣ ብቻቸውን ተቆራኝተው ይኖራሉ። ባለፈው ደውለውልን ነበር። "ያ ሽማግሌው ጠበቃ አሉ?" አሉን።

አሉ። ነገ ጠዋት የቼኩን መዝገብ ይዘን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። ዘግይተናል፤ እንሄዳለን።

እናንተ ግን አትዘግዩ። ቸር እንሰንብት።